ከጦርነቱ በፊት የተበደርነው ብር፣ ከስደቱ በኋላ የምንመኘው ቤት



ሰሞኑን ሰው ሲገናኝ ወሬው ከራሽንና ከካርቱም ጦርነት እያለፈ ወደ ባንክ መዞር ጀምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ በጥር 2017 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህ ፋይሌ መቼ ይጠራል እያለ ይጠብቅ የነበረ ሰው «እንግዲህ ብመለስስ?» ማለት ጀምሯል። መመለስ ሲታሰብ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣው ቤት ነው። ቤት ሲነሳ ያልተከፈለው ዕዳ አብሮ ይነሳል። ከሑመራ፣ ከማይካድራ፣ ከአብደራፊ፣ ከመተማ የመጣን ሰዎች መካከል ሰሊጥ ለመዝራት፣ ሱቅ ለማስፋት ወይ መኪና ለመግዛት ቤቱን አስይዞ የተበደረ ጥቂት አይደለም። ብሩ አልተከፈለም። ቤቱም ምን ላይ እንዳለ የማያውቅ ብዙ ነው።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ካምፕ ውስጥ ሒሳብና አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ተደጋግሞ ስለሚመጣብኝ ያነበብኩትንና ያገናዘብኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛው «ዕዳ እያለብኝ ብመለስ ባንክ ቤት መሥሪያ ያበድረኛል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ከውጭ ዘመድ ካላቸው ሰዎች ይመጣል። «ወንድሜ አሜሪካ ከሰርኩ ብሎ መላኩን አቆመ፤ አሁን ደግሞ ቤት ልገዛ ነው አለ። እየዋሸኝ ነው አይደል?»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱን ከተረዳን የእኛ ችግር የት ላይ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታየናል።

ወንድምየው ላይዋሽ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ መክሰር (እዚያ ያሉት የእኛ ሰዎች ባንክራፕሲ ነው የሚሉት) ሰው በአፉ የሚናገረው ነገር አይደለም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ የሚከፈትበት ጉዳይ ነው። ለተራ ሰው ሁለት ዋና በር አለው፤ ሁለቱም በሕጉ ምዕራፍ ቁጥር ይጠራሉ። ቻፕተር 7 በሚባለው፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ሕጉ ከሚተውለት ንብረት በላይ ያለው ነገር ካለ ይሸጥና ለአበዳሪዎቹ ይከፋፈላል፤ ከዚያ የቀረው ዕዳ አብዛኛው ይሰረዝለታል። ሁሉም አይሰረዝም። የልጅ ማሳደጊያ ይቀራል፤ የተማሪ ብድርም በቀላሉ አይነሳም። ቻፕተር 13 ደግሞ ቋሚ ገቢ ላለው ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ባጸደቀው ዕቅድ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በየወሩ እየከፈለ ይቆይና ሲጨርስ የተረፈው ይነሳለታል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። በአሜሪካ ቤት የሚያበድሩ ተቋማት የከሰረን ሰው «ከስረሃልና ሂድ» አይሉትም። የሚጠይቁት «ዕዳህ የተሰረዘው መቼ ነው?» ብለው ነው። ኤፍ.ኤች.ኤ. የሚባለው፣ መንግሥት ለአበዳሪው መድን የሚሆንበት የቤት ብድር፣ በቻፕተር 7 ዕዳው ከተሰረዘለት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ሰውየው የወደቀው ከአቅሙ በላይ በሆነ ነገር መሆኑን ካስረዳና ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን በሥርዓት እንደያዘ ካሳየ ከ12 ወር በኋላም ሊታይለት ይችላል። በቻፕተር 13 ያለ ሰው ዕቅዱን ሳይጨርስ እንኳ፣ 12 ወር በሰዓቱ ከከፈለና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት ማመልከት ይችላል። ፋኒ ሜይ የሚገዛው መደበኛ ብድር ጠንከር ይላል፤ ከቻፕተር 7 በኋላ አራት ዓመት ነው፣ ከአቅም በላይ ለሆነ ምክንያት ሁለት ዓመት። የመክሰሩ ታሪክ በክሬዲት መዝገቡ ላይ እስከ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ሆኖም መዝገቡ ላይ ስላለ ብቻ ቤት አትገዛም አይባልም።

ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ፍርድ ቤት ከገባበት ቀን ሳይሆን ዕዳው ከተሰረዘበት ቀን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በተረፈ ሌላው ነገር እንደማንኛውም ተበዳሪ ነው፤ ሥራ፣ ደሞዝ፣ የክሬዲት ነጥብና ቅድሚያ ክፍያ። ኤፍ.ኤች.ኤ. ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 3.5 በመቶ ቅድሚያ ይበቃኛል ይላል። በ300,000 ዶላር ቤት ላይ ይህ 10,500 ዶላር ነው። ነጥቡ ከ500 እስከ 579 የሆነ 10 በመቶ፣ ማለትም 30,000 ዶላር ያቀርባል። ስለዚህ ወንድም ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ከስሮ ዛሬ ቤት እገዛለሁ ቢል በሒሳቡ ያስኬዳል። አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። ከግንቦት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቋሚ መኖሪያ ሳይኖራቸው በጊዜያዊ ፈቃድ የሚኖሩ ሰዎች ከኤፍ.ኤች.ኤ. ብድር ወጥተዋል። በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠሩ ስንት የእኛ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ እነሱ ከስረውም ሳይከስሩም ያው ናቸው።

እዚህ ላይ እኛን ራሳችንን የሚነካ ነገር አለ። የሚከስር ሰው በመሐላ የሚሞላው ፎርም «ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለእናቱ ጡነይድባ፣ ለእህቱ ገዳሪፍ በየወሩ መቶ ዶላር ሲልክ የነበረ ልጅ በዓመት 1,200 ዶላር ሆኖበታል። ስማችን እዚያ ፎርም ላይ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ቤተሰብን መርዳት ወንጀል አይደለም፤ ጣጣ የሚያመጣው መደበቁ ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁ ደውሎ «ስንት ላክሁልሽ፣ በየትኛው ወር ላክሁልህ» ብሎ ቢቆጥራችሁ አትቀየሙት፤ «የላከውን ሊያስመልስ ነው» ብላችሁም አታስወሩበት። የሐዋላውን መልእክት ወይም የባንካክን ማሳወቂያ ከስልካችሁ ፈልጋችሁ ላኩለት። እንዲያውም ዘመዱ ከሰረ ሲባል ሐዘን የሚቀመጥ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ እዚያ አገር ግን የወደቀ ሰው ከጉድጓድ የሚወጣበት አንዱ መሰላል ይኸው ነው። ወጪ አለው፣ ያዋርዳል፣ ለጠበቃ ይከፈላል። ግን መጨረሻ አለው፤ ዕዳህ በዚህ ቀን ተሰርዟል የሚል ወረቀት ይሰጣል።

የእኛን ሕግ የማማርረው በዚህች ወረቀት ነው።

እንበል አንድ ሰው በ2012 ዓ.ም. ሑመራ ላይ ሰሊጥ ለመዝራት ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበደረ። ብድሩን የሚከፍለው አዝመራው ሲሸጥ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ በሰሊጥ አገር ብር የሚታየው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ጥቅምት ማለቂያ 2013 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ነዶው ገና ሜዳ ላይ ነበር። ሰውየው ልጆቹን ይዞ ተከዜን ተሻገረ፤ ሐምዳየት ሰነበተ፤ ከዚያ በመኪና ኡም ራኩባ ደረሰ።

ባንኩ ደብተር ላይ የሆነውን ደግሞ እንይ። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ብድር ይባላል። 180 ቀን ሲሞላው አጠራጣሪ ወደሚባለው መደብ ይወርዳል። 360 ቀን ካለፈው በኪሳራ ይመደባል። ስለዚህ ሰውየው ድንኳኑን በሣር ሳይከድን ብድሩ ተበላሸ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ባንኩ መዝገብ ላይ «ኪሳራ» ተብሎ ተጻፈ። ባንኩ ኪሳራ የሚለውን ቃል ለራሱ አገኘ። ተበዳሪው ግን አላገኘውም።

ለምን ብትሉ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኪሳራን የፈቀደው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነበር። የራሱን እርሻ ምርት የሚሸጥ ገበሬ በዚያ ሕግ ነጋዴ አይባልም። ደሞዝተኛው አስተማሪ፣ ነርሷ፣ ቤት ለመሥራት የተበደረ ቤተሰብም አይገቡበትም። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የኪሳራውን ክፍል አሻሽሎ፣ ሥራው ከመፍረሱ በፊት ከአበዳሪ ጋር ተስማምቶ እንደገና ማደራጀት የሚቻልበትን መንገድ ጨምሯል። ደግ ነው። ግን ይሄም የተጻፈው በንግድ ዓይን ነው፤ አሜሪካ እንዳለው አንድ ተራ ሰው ገብቶ «አልቻልኩም፤ ያለኝን ውሰዱና ነፃ አውጡኝ» የሚልበት በር አይደለም። እኛ ጋ የከሰረ ግለሰብ የሚኖረው በሰው አፍ ብቻ ነው። በሕግ ዓይን ያለው «ያልከፈለ ሰው» ነው፤ ዛሬ ያልከፈለ፣ የዛሬ አምስት ዓመትም ያልከፈለ።

ታዲያ ያ ሰው ቢመለስ ቤት መሥሪያ ይበደራል ወይ? በቀጥታ ልመልስ፤ የድሮው ብድር እንደተበላሸ ተመዝግቦ እስካለ ድረስ ተስፋው በጣም ትንሽ ነው። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ብሔራዊ ባንክ ወዳለው የብድር መረጃ ማዕከል ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ሲጠየቁም ከዚያ ያጣራሉ። አንድ ባንክ የበላሁትን ሌላው አያውቅም የሚባለው ዘመን አልፏል። ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ መታወቂያ ሲጠየቅ ደግሞ ስም ቀይሮ መምጣትም አይታሰብም። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ገደብ ሲኖር ባንክ ይመርጣል። በወር ደሞዝ የሚከፍልና ከካምፕ የተመለሰ ሰው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማንን እንደሚመርጥ ለመገመት ባንክ መሥራት አያስፈልግም።

የቤት ብድር ራሱ በአገራችን ሰፊ ሆኖ አያውቅም። ለቤት ሥራ ተብሎ የኖረው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል። ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመው የግል ባንክ ጎህ ቤቶች በ2014 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። የኮንዶሚኒየሙ 20/80 እና 40/60 ደግሞ ለዓመታት ለቆጠበ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። የሑመራና የመተማ ሰው ቤቱን የሠራው በሰሊጥ፣ በዕቁብና በዘመድ ነው። የእኛ ሰው ባንክን የሚያውቀው ቤት ሊሠራ ሳይሆን የሠራውን ሊያስይዝ ሄዶ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ከአዲሱ ብድር በፊት ይኸው የተያዘው ቤት ነው።

በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ፣ ውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ባንኮች ብድር እንዲሰጡ ታስቦ ነው የወጣው፤ ባለዕዳው አገር ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ የሚቀበል ከሆነ ያስኬዳል። አሁን ግን ሠላሳውን ቀን አስቡት። ደብዳቤው የሚሄደው ውሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ያ ቤት ተዘግቷል፣ ወይ ሌላ ሰው ይኖርበታል፣ ወይ ጣሪያው የለም። ባለቤቱ ገዳሪፍ ማሳ ላይ ማሽላ እያረመ ነው። ሠላሳ ቀን ለእሱ ሦስት መቶ ቀን ቢሆንም ያው ነበር።

ቤቱ ከተሸጠ ሁለት ነገር እወቁ። የተሸጠበት ዋጋ ከዕዳውና ከወጪው ከበለጠ ትርፉ የባለቤቱ ነው፤ ባንኩ አያስቀረውም። ካነሰ ግን ጎደሎው ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ቤቱም ሄዶ ዕዳውም ይቀራል ማለት ነው። እንደ አሜሪካው ቻፕተር 7 «ቤትህ ተሸጧል፤ በል አሁን ነፃ ነህ» የሚልህ የለም። ስለዚህ ተሸጧል የሚል ወሬ የሰማ ሰው ማዘኑን ትቶ በስንት እንደተሸጠና ሒሳቡ እንዴት እንደተዘጋ በጽሑፍ ይጠይቅ።

«አሥር ዓመት ሲሞላው ዕዳው ይወድቃል» የሚል ወሬም ካምፕ ውስጥ ይዞራል። ግማሹ እውነት ነው፤ አደጋው ያለው በቀረው ግማሽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል የመጣ ክስ በአሥር ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የቤት መያዣ ምዝገባም ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ ለአሥር ዓመት ነው የሚጸናው፣ ካልታደሰ። ነገር ግን አበዳሪው ከከሰሰ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ቆጠራው ተቋርጦ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ማመን የሚባለው ደግሞ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ከዕዳው ላይ በከፊል መክፈል። መክፈያው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የደረሰ ብድር አሥር ዓመቱ የሚሞላው በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ባንክ ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ተደብቆ አሥር ዓመት የሚቆጥር ሰው በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ብድር የሚባል ነገር አያይም፤ በስሙም አይነግድም።

ጦርነት ነበር እኮ፣ ሕጉ ይህን አያይም ወይ? ያያል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1793 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊባሉ ከሚችሉት ነገሮች መካከል የውጭ ወይም የእርስ በርስ ጦርነትን በስም ይጠራል። ይህ ግን እንደምናስበው ዕዳ ፋቂ አይደለም። ውሉን በጊዜው ባለመፈጸም ከሚመጣው ኪሣራ የሚያድን መከላከያ ነው፤ የተበደርከው ዋናው ገንዘብ የተበደርከው ነው። በመዘግየት የመጣውን ቅጣት ለመከራከር ግን ጥሩ መሬት ነው ብዬ አምናለሁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመና በትግራይ ባንኮች ከተከፈቱ በኋላ ነጋዴዎች ያነሱት ክርክር ይኸው ነበር። ባንኩ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ መንገድ ተቆርጦ ባለበት ጊዜ የተቆጠረ ወለድ እንዴት እንከፍላለን አሉ። እውነታቸውን ነው። መክፈል ቢፈልጉ እንኳ የሚቀበላቸው መስኮት አልነበረም።

የዚያ ክርክር ጉድለት ሁሉም የየራሱን ፋይል ይዞ መከራከሩ ነው። ትልቁ ነጋዴ ጠበቃ አለው፣ የንግድ ምክር ቤት አለው፣ ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ገብቶ ያናግረዋል። ኡም ራኩባ ያለው የሰሊጥ ገበሬ ማንን ያናግራል? እኔ ብሔራዊ ባንክ ሊያደርገው ይገባል ብዬ የማምነው ዕዳችንን ማርልን የሚል አይደለም። በጦርነት ምክንያት ከአገር የወጣና በስደተኛነት የተመዘገበ ተበዳሪ በመረጃ ማዕከሉ ለብቻው ይመደብ። ሐራጁ ተመልሶ እስኪቀርብ ይቆይለት። ከተመለሰ በኋላ በአዲስ ዕቅድ ይህን ያህል ወር በሰዓቱ ከከፈለ ስሙ ከተበላሸው መዝገብ ይውጣለት። ያ ወር 12 ይሁን 24፣ ቁጥር ይኑረው። አሜሪካኖቹ ሰውን ስለሚወዱ አይደለም ሁለት ዓመት ያሉት፤ ቁጥር ከሌለ ማንም ተነሥቶ መክፈል እንደማይጀምር ስለገባቸው ነው።

ነገሩ ደግሞ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በየሰባት ዓመቱ ዕዳ የሚተውበት ዓመት ተቀምጧል። ቁርኣንም የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ ይሰጠው ይላል። ሁለቱን መጽሐፍ ይዘን ሳለ ከሁለቱም አንዱን ሕግ ውስጥ አለማስገባታችን ይገርመኛል።

ያለንበት አገርም በዚህ ከእኛ አይሻልም። የገዳሪፍ ገበሬዎች በየዓመቱ የሚጨነቁበት ነገር ቢኖር የግብርና ባንኩ ዕዳ ነው። አዝመራው ሲከዳቸው ወይ የሰሊጥ ዋጋ ሲወድቅ «ሙዕሲር» ይባላሉ፤ መክፈል ያቃተው ማለት ነው። በሱዳን ባለዕዳ «የብቃ ሊሒን አስሰዳድ» በሚለው ሥርዓት፣ ማለትም እስኪከፍል ድረስ ይቆይ ተብሎ፣ እስር ቤት ሊገባ ይችላል። እስር ቤት ሆኖ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል እኔም አልገባኝም። ከባንኩ ውጭ ደግሞ «ሸይል» አለ፤ ነጋዴው በክረምት ብር ሰጥቶ በመኸር ሰሊጡን ወይ ማሽላውን ቀድሞ በቆረጠው ርካሽ ዋጋ ይወስዳል። መሬት ተከራይታችሁ በሽርክና የምታርሱ ስደተኞች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ሸይል ስትወስዱ የጆንያውን ቁጥር፣ ዋጋውንና ቀኑን ምስክር ባለበት አስጽፉ። ካምፕ መታወቂያ የያዘ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ የቃል ስምምነት ማስረዳት ይከብደዋል።

ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ቤት መግዛት ያሰባችሁ ካላችሁም ተጠንቀቁ። የሱዳን ሕግ ስደተኛ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክላል። ሰው የሚያደርገው በሱዳናዊ ወዳጅ ስም መግዛት ነው። ወዳጁ ደግ ሊሆን ይችላል። ቢሞት ግን ቤቱ የወራሾቹ ነው፤ ቢከስርም አበዳሪው የሚይዘው ቤቱን ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከካርቱም የመጣው ተፈናቃይ ኪራዩን ሰማይ ስላደረሰው ፈተናው ይገባኛል። ቢሆንም ያን ያህል ብር ያለው ሰው ቢያስቀምጠው እመርጣለሁ።

እንግዲህ አሁን ምን ማድረግ ይቻላል? ዕዳ ያለበት ሰው ለባንኩ ይጻፍ። ስሙን፣ የብድር ውሉን ቁጥር ካስታወሰ፣ ቅርንጫፉን፣ የቤቱን ካርታ ቁጥር፣ ከአገር የወጣበትን ቀንና አሁን የሚገኝበትን ስልክ ይጻፍና ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ቤቱ ተሸጧል ወይስ አልተሸጠም። «ዕዳውን አምኛለሁ፣ እከፍላለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ግን የሕግ ባለሙያ ሳያይለት አያስገባ፤ ከላይ ስለ ይርጋ የጻፍኩትን አስታውሱ። ባንኩ ብድሩን እናራዝምልህ ካለ ደግሞ የድሮው ወለድ ከዋናው ጋር ተደምሮ አዲስ ዋና እንዳይሆን ይይ። 400,000 ብር ዋና እና 300,000 ብር ወለድ ተደምሮ 700,000 ብር «አዲስ ብድር» ከሆነ፣ በ15 በመቶ የዓመቱ ወለድ ብቻ 105,000 ብር ይመጣል። በድሮው ዋና ላይ ቢሆን 60,000 ነበር። ይህን ሒሳብ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጃችሁም ይሠራላችኋል።

ዋስ የፈረመላችሁ ሰው ካለ እሱንም ደውላችሁ ንገሩት። ብዙ ጊዜ ባንክ ባለዕዳውን ሲያጣ ዋሱን ነው የሚፈልገው፤ እሱም ዛሬ በእናንተ ምክንያት ብድር ተከልክሎ ሊሆን ይችላል።

አስቸጋሪው ውክልና ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ባንክ ገብቶ እንዲከራከርላችሁ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ቤት መሸጥን ወይም ማስያዝን የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ልዩ ውክልና ነው፣ ጠቅላላው አይበቃም። ሰው ቶሎ የሚያስበው ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ መሄድን ነው። ነገር ግን ስደተኛ ሆኖ ተመዝግቦ ከአገሩ መንግሥት ቢሮ ጉዳይ ማስፈጸም በጥገኝነቱ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በፈቃዱ ወደ አገሩ ከለላ የተመለሰ ሰው ስደተኛነቱ ሊቀር እንደሚችል ይናገራል። አንድ ወረቀት ስላስጻፈ ብቻ ይቀራል ማለቴ አይደለም፤ ሳይጠይቅ አይሂድ ማለቴ ነው። ያው ስምምነት በአንቀጽ 25 ላይ ስደተኛው ከአገሩ ባለሥልጣን ሊያገኘው የሚገባውን ሰነድና ማረጋገጫ ያስጠለለው አገር ወይም ዓለም አቀፍ ተቋም እንዲሰጠው ይላል። ሱዳን ይህን ስምምነት ተቀብላለች። ስለዚህ መጀመሪያ በካምፓችሁ ወዳለው የዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍልና ወደ ኮር ሂዱና «አንቀጽ 25» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። የሚመልሱላችሁ ላይኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ሠራተኛ አንቀጹን ሰምቶትም ላያውቅ ይችላል። ጥያቄያችሁን በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ስጡ፤ በሌላው ላይ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀኑን አጽፋችሁ ከራሽን ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡት።